ቁልፉ እኔ ዘንድ ነው

ሰኔ 3 ቀን

ይድረስ ለተከበሩ አክስቴ፣

ባሉበት ሁሉ ጤና ይስጥልኝ፤ ዕድሜና ሰላም ከደጅዎ አይራቅ። እኛ ደህና ነን። አባቴ ጉልበቱ ደከም ከማለቱ በቀር ይበላል፣ ይተኛል፣ ደስ ሲለው ደግሞ ይሳደባል።

እንደ ወትሮው ስለ ጤናና ስለ ዝናብ ብቻ ጽፌ ልዘጋው አልቻልኩም። ተራራው ላይ ያለው አሮጌው ሆቴል እየታደሰ ነው። እኔም ከአናጢዎቹ አንዱ ሆኜ ከገባሁ ሦስት ወር ሆነኝ። ለአባቴ አልነገርኩትም። የሆቴሉ ነገር በቤታችን ተነሥቶ አያውቅም። ከደጃችን ቀና ያለ ሰው ፊት ለፊት ያየዋል፤ አባቴ ግን ወንበሩን ምንጊዜም ለተራራው ጀርባውን ሰጥቶ ነው የሚያስቀምጠው። በወጣትነታችሁ እሱ እዚያ በር ከፋች፣ እርስዎ ደግሞ ልብስ ሰፊ እንደነበራችሁ እናቴ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ አንድ ቀን ሹክ ብላኝ ነበር። እሱ ኋላ ከዚያ ለምን እንደተባረረ ግን እሷም አታውቅም ነበር።

ቤቱን ቢያዩት! አራት ፎቅ፣ ስልሳ አራት ክፍል። ኢንጂነሯ ከድሮ ወረቀት እንዳነበበችልን፣ መጀመሪያ የተሠራው አየሩ ሳንባ ይጠግናል ተብሎ ነው። ከዚያ የሙሽሮች ማረፊያ ሆነ፤ ከዚያ የቁስለኞች ሆስፒታል፤ እንደገና ሆቴል፤ በመጨረሻ ደግሞ ለሠላሳ ዓመት የርግብ። ፎርማናችን «ሳይከፍሉ የኖሩ እንግዶች እነዚህ ብቻ ናቸው» ይላል። የፎርማኑን ስም ረስተነው «ቶሎቶሎ» ነው የምንለው፤ ለምን እንደሆነ አይጠይቁኝ።

ሁለት ነገር ልጠይቅዎ። ሁለተኛው ፎቅ መተላለፊያ ጫፍ ላይ ሐረግና ወፍ የተቀረጸበት በር አለ። አልከፈት ብሎናል። ቶሎቶሎ በመጥረቢያ ልበለው ይላል። እንዲህ ያለ በር ዛሬ የሚሠራ እጅ ስለሌለ አታስነኩት ብዬ ለመንኩ። ያ ክፍል የምን ነበር?

ሁለተኛው የአባቴ ነገር ነው። ከሥራ ስገባ ልብሴ ላይ ያለው የአሮጌ እንጨት ሽታ ይሁን ሌላ አላውቅም፣ ሰሞኑን ቀና ብሎ ያየኝና «ቁልፉስ?» ይለኛል። «የቱ ቁልፍ አባዬ?» ስለው መልሶ «ቁልፉስ?» ይላል። ሐኪሙ የትዝታው መብራት አንድ በአንድ እየጠፋ ነው ብሎናል። ስለ ቁልፉ የሚያውቁት ነገር ካለ ይጻፉልኝ።

የወንድምዎ ልጅ፣ አናጢው


ሰኔ 29 ቀን

ይድረስ ለወንድሜ ልጅ፣

እጅህን ከስለት፣ እግርህን ከመሰላል ይጠብቅልኝ። እኔ ደህና ነኝ። ዓይኔ መርፌ ለማስገባት ሦስት ጊዜ ይሞክራል፤ ድሮ ሳላየው ነበር የማስገባው።

ደብዳቤህን የተቀበልኩት የማስተካክለውን ሱሪ ጉልበቴ ላይ አድርጌ ነው። ከዚያ በኋላ ያን ቀን ምንም አልሰፋሁም።

ሐረግና ወፍ ያለበት በር የልብስ ክፍሉ ነው። በግራ በኩል አንሶላ እስከ ኮርኒሱ ይደረደራል፤ በቀኝ የሠራተኛ የደንብ ልብስ፤ መሀል ላይ ረጅም ጠረጴዛና ሁለት የስፌት መኪና። በአሥራ ሰባት ዓመቴ ነው የገባሁት። በመስኮቱ ሸለቆው አይታይም፤ የሚታየው ጉም ነው። ጠዋት ጠዋት ጉሙ ከታች ይነሣና ደረጃውን ይወጣ ነበር። አባትህ በሩን በሁለት እጁ ከፍቶ፣ ጎንበስ ብሎ፣ «እንኳን ደህና መጡ ጌታዬ፤ ክፍል ይዘዋል?» ይለዋል። ጉሙም ገብቶ አዳራሹ ውስጥ ወንበር ወንበሩ ላይ ይቀመጣል። እኛ በሳቅ እንሞታለን። ረጅም ስለነበረና ኮቱ ስለሚያምርበት የእንግዳ ልጆች ጄኔራል መስሏቸው ሰላምታ ይሰጡት ነበር። እኛም ከዚያ ወዲያ «ጄኔራሉ» እንለው ጀመር። እኔ ግን ታላቄ ነውና ጋሼ ነው የምለው።

ስለ ቁልፉ ለጠየቅኸኝ፦ ቁልፉ እኔ ዘንድ ነው። አርባ ስድስት ዓመት ሙሉ እኔ ዘንድ ነው። ለእሱ እንዳትነግረው።

አክስትህ


ሐምሌ 17 ቀን

ይድረስ ለተከበሩ አክስቴ፣

ፈጣሪ ደስታዎን ያብዛልኝ፤ እኔን አስደስተውኛልና። ደብዳቤዎን ይዤ ወደ ኢንጂነሯ ሮጥኩ። «ቁልፉ ባሕር ማዶ አክስቴ ዘንድ አለ፤ ይመጣል» አልኳት። ሳቀችና «እስከ ጥቅምት አጋማሽ እጠብቃለሁ» አለች። ቶሎቶሎ ግን «በእግሩ ነው የሚመጣው?» እያለ ቀኑን ሙሉ ሲያደርቀኝ ዋለ። አሁን ሠራተኛው ሁሉ «ባለ ቁልፉ» ነው የሚለኝ።

ጣሪያው ዝናቡ ሳይብስ ሊያልቅ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል። ውሃው ስንት ዓመት በግድግዳው ሲወርድ ኖሯል፤ ወለሉን ስረግጠው እንደ ስፖንጅ ያለቅሳል። ስለ ጉሙ የጻፉትን ለባልደረቦቼ አነበብኩላቸው። በማግስቱ ጠዋት በር የሌለው ዋናው መግቢያ ላይ ቆመን ስንጠብቅ፣ እውነትም መጣ። ቶሎቶሎ እንኳ ቆቡን አወለቀ፤ ኋላ ላይ ራሴን ስለበላኝ ነው አለ እንጂ።

አባቴ ሌላ ቃል ጨምሯል። «ቁልፉስ?» ካለ በኋላ «መርፌ» ይላል። ሐኪሙ በየሳምንቱ የሚወጋውን ፈርቶ መስሎን «ዛሬ መርፌ የለም አባዬ» እንለዋለን። እሱ ግን ራሱን ይነቀንቃል። ቁልፍና መርፌ፤ ቀኑን ሙሉ ሁለቱን ብቻ።

ቁልፉን በምን ይልኩልኛል? እስኪደርስ በሩን በላስቲክ ሸፍኜ እየጠበቅኩት ነው።

የወንድምዎ ልጅ


ነሐሴ 28 ቀን

ይድረስ ለወንድሜ ልጅ፣

ሰላምታዬ በያለህበት ይከተልህ። መልሴ ስለዘገየ ይቅር በለኝ። ሥራ በዝቶ ነው። ትምህርት ሊከፈት ሲል የልጆች ልብስ ይከመርብኛል፤ ሁሉም ባለፈው ዓመት ከነበሩበት ረዝመው ነው የሚመጡት።

ወንድሜ «መርፌ» ሲል እንዴት ነው የሚለው? ተቆጥቶ ነው? ወይስ ለስለስ አድርጎ? ጆሮህን ሰጥተህ ስማውና ጻፍልኝ። የእኔን ነገር ያነሣል? ፎቶግራፍ ብታሳየው ይለየኝ ይሆን? ለመድኃኒቱ ጥቂት ልላክ?

ቁልፉን የሰው እጅ ሳገኝ እልካለሁ።

አክስትህ


መስከረም 20 ቀን

ይድረስ ለተከበሩ አክስቴ፣

ጤናዎን እመኛለሁ። የዛሬው ደብዳቤ አጭር ነው፤ ቅር እንዳይሉኝ።

ገንዘብ አይላኩ። ቁልፉን ይላኩ። ከፖስታ ቤቱ ሠራተኛ ጋር ስም እስክንጠራራ ድረስ ተላምደናል፤ ገና ከሩቅ ሲያየኝ እጁን ያወናጭፋል። የቀረችኝ የሦስት ሳምንት ዕድሜ ናት፤ ከዚያ በኋላ መጥረቢያው አለ። በሩ ግን ዋናው ነገር አይደለም። ዋናው አባቴ ነው። አሁን እሱ የሚገኘው ጠዋት ብቻ ነው። ከምሳ በኋላ ወንበሩ ላይ ሌላ ሰው ይቀመጣል፤ ትሑት፣ ለሁሉም «እግዜር ይስጥልኝ» የሚል ሰው። ትናንት እኔን «የማን ልጅ ነህ?» አለኝ። ቁልፉን እጁ ላይ ላኖርለት የምፈልገው ጠዋቱም ሳይጠፋ ነው።

«መርፌ» ሲል እንዴት እንደሚል ጠይቀውኝ ነበር። ሰማሁት። አይቆጣም። ሰው እንደሚጠራ ነው የሚለው፤ በሚቀጥለው ክፍል ያለ ሰው።

የወንድምዎ ልጅ


ጥቅምት 24 ቀን

ይድረስ ለተከበሩ አክስቴ፣

ጤና ይስጥልኝ። ቁልፉን አይላኩ፤ ከእንግዲህ አያስፈልግም። ጥቅምት አጋማሽ ሲያልፍ ኢንጂነሯን ለምኜ ጥቂት ቀን አስጨምሬ ነበር።

ጣሪያው ከተገጠመ ወዲህ ቤቱ መድረቅ ጀምሯል። ሌሊቱን ይንቋቋል፤ እንቅልፍ እንደጠገበ ሰው ይንጠራራል። ጠዋት ስንገባ ትናንት እንቢ ያሉ መስኮቶች ተከፍተው እናገኛለን። ዛሬ መተላለፊያው ጫፍ ላይ ስደርስ ሐረጉና ወፎቹ ወደ እኔ ዞረው ነበር። በሩ አንድ ክንድ ያህል ተከፍቷል፤ ማንም አልነካውም።

አልተቆለፈም ነበር። እንጨቱ ሠላሳ ዓመት ውሃ ጠጥቶ አብጦ፣ መቃኑን ነክሶ ይዞት ነው። መቀርቀሪያው ከበሩ ወጥቶ መቃኑ ውስጥ ገብቶ አያውቅም። የሃያ ዓመት አናጢ ነኝ ባይ፣ በእጄ ገፋ ባደርገው የሚነግረኝን ነገር «ቁልፍ» የሚል ቃል ሰምቼ ሳልጠይቀው ቀረሁ። ቶሎቶሎ እስካሁን እየሳቀ ነው። «አክስትህ ቁልፉን ይዛ ትኑር፤ እኛ በሩን ይዘናል» አለኝ።

ክፍሉ እንደጻፉልኝ ነው። ጠረጴዛው አለ። ከሁለቱ መኪኖች አንዱ አለ። አንሶላዎቹ ሳያቸው ድርድር ናቸው፤ ስነካቸው ዱቄት ሆኑ። ከበሩ ትይዩ፣ ግድግዳው ላይ፣ ብቻውን በምስማር የተሰቀለ ኮት አገኘሁ። ሰማያዊ፣ ረጅም፣ ትከሻው ላይ አቧራ እንደ በረዶ የተኛበት። አራገፍኩት። ደረቱ ላይ ናስ ተደርድሯል፤ ቆጠርኩት። ስምንት መሆን ሲገባው ሰባት ነው። አራተኛው ቁልፍ የለም፤ ቦታው ላይ ትንሽ ክር ብቻ አለች።

አክስቴ፣ ይህችን ዐረፍተ ነገር ጽፌ እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩ። ደግሜ አነበብኳት። አራተኛው ቁልፍ የለም።

እርስዎ ዘንድ ያለው ምን ዓይነት ቁልፍ ነው?

የወንድምዎ ልጅ


ጥቅምት 26 ቀን

ይድረስ ለወንድሜ ልጅ፣

ይህ ደብዳቤ ሲደርስህ በጤና ያግኝህ። ጥቅምት አጋማሽ አልፏልና በሩን ሰብራችሁት ይሆናል። ከሰበራችሁት ጥፋቱ የእኔ ነው።

ከደብዳቤው ጋር ባለው ካርቶን ላይ በክር ያሰርኩትን ተመልከት። ቁልፉ እሱ ነው። ልብስ ሰፊ «ቁልፍ» ስትል የኮት ቁልፍ ማለቷ ነው፤ የበሩን እኛ «መክፈቻ» ነበር የምንለው። አዝራር ብዬ ብጽፍልህ ኖሮ ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር። የበር ቁልፍ እንደመሰለህ ከሁለተኛው ደብዳቤህ ገብቶኛል። ገብቶኝ ዝም አልኩ። ስህተትህ መጠለያ ሆነኝ።

ያን ጊዜ ሥራ አስኪያጃችን «አቶ መስመር» ይባል ነበር። ትልልቅ እንግዳ ሲመጣ ሠራተኛውን በመስመር ያቆመናል፤ ጥፍር ያያል፣ ጫማ ያያል፣ ቁልፍ ይቆጥራል። አንድ ጠዋት ጋሼ ኮቱን ይዞልኝ መጣ። አራተኛዋ ላልታለች፣ አጥብቂልኝ አለኝ። ቆርጬ አወጣኋት። ክር ልመርጥ ወደ መስኮቱ ሄድኩ። ጉሙ በዚያ ጠዋት እንደ ሌላው ቀን አልነበረም፤ ፀሐይ ከሥሩ ገብታበት ሮዝ ሆኖ ነበር። ቆሜ አየሁት። ስንት ደቂቃ እንደቆምኩ እስከ ዛሬ አላውቅም። ደወል ተደወለ፤ እንግዶቹ ቀድመው መጡ። ጋሼ ሮጦ ገባና ኮቱን ከጠረጴዛው አንሥቶ ለብሶ ወጣ። እኔም ቁልፏን ጨብጬ ተከትዬው ወጣሁ።

አቶ መስመር አራተኛዋ ላይ ሲደርስ ጣቱ ቆመ። «ይህስ?» አለው።

ጋሼ «ጠፋብኝ ጌታዬ» አለ።

ሁለት እርምጃ ነበር በመካከላችን። እጄን ብከፍት ይታይ ነበር። አልከፈትኩም። አቶ መስመር እዚያው ቆሞ ኮቱን አስወለቀውና አባረረው፤ ለሌላው ትምህርት ይሁን ብሎም ኮቱን በምስማር አሰቀለው፤ እኔ ከምሰፋበት ፊት ለፊት። ጋሼ በሸሚዙ ብቻ ደረጃውን ሲወርድ ጉሙ እስከ ወገቡ ነበር። በዓመቱ አንድ የእንግዳ ቤተሰብ ልብስ ሰፊ ሲፈልግ አብሬ ከአገር ወጣሁ። ከዚያ ወዲህ ለአባትህ ስለ ጤናና ስለ ዝናብ ብቻ ጻፍኩ። እሱም ስለ ጤናና ስለ ዝናብ መለሰልኝ።

ቀጭን ስለነበርኩና መርፌ ከእጄ ስለማይለይ፣ ጋሼ የሚጠራኝ «መርፌዬ» እያለ ነበር። የሚጠራው ሐኪሙን አይደለም፤ እኔን ነው። ይህን ካወቅኩ ሦስት ወር ሊሆነኝ ነው። ፖስታ ቤት ድረስ ሦስት ጊዜ ሄጄ ሦስቴ ተመልሻለሁ።

ጠዋት አንብብለት። ቢቆጣ የተናገረውን ሳታስቀር ጻፍልኝ።

አክስትህ


ታኅሣሥ 2 ቀን

ይድረስ ለተከበሩ አክስቴ፣

ልብዎን ያሳርፍልኝ። ደብዳቤዎቻችን መንገድ ላይ ተላልፈዋል፤ እኔ ጠይቄ ሳይደርስዎ እርስዎ መልሰዋል።

ቁልፉን በናስ መወልወያ ወለወልኩት። ኢንጂነሯ ኮቱን አዳራሹ ውስጥ በመስታወት ለማስቀመጥ ትፈልጋለች። ለአንድ ጠዋት አውሺኝ አልኳት፣ ፈቀደች። ማታውን መርፌ ተበድሬ ራሴ ሰፋሁት። ሚስቴ ልስፋልህ ብትለኝም እንቢ አልኩ።

በማግስቱ አባቴ ቁርሱን ሳይጨርስ ኮቱን ጉልበቱ ላይ አኖርኩለት። አልተደነቀም። ከላይ ጀምሮ በአውራ ጣቱ እየነካ ወረደ። አራተኛው ላይ ቆየ። ከዚያ እስከ ስምንት ደርሶ ተነሣና ለበሰው። ሰፍቶታል፤ ወይም እሱ አንሷል። «እንሂድ፣ ረፍዷል» አለኝ። ሆቴሉን በስሙ ጠርቶት ነው እንሂድ ያለኝ። እኔ ያን ስም ከአፉ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር።

በቶሎቶሎ መኪና ወጣን። ያ ሰው መንገዱን ሙሉ አንድም ጊዜ ቶሎ ሳይል በቀስታ ነዳ። ዋናው በር የተገጠመው ባለፈው ሳምንት ነው። አባቴ ደረጃውን ክንዴን ይዞ ወጣ፤ በሩ ጋ ሲደርስ ግን ክንዴን ለቀቀው። እጀታውን ሳያይ አገኘው። ሁለቱንም ሳንቃ ከፍቶ ወደ ጎን ቆመና ጠበቀ። እኛም ከኋላው ጠበቅን፤ ቀለም ቀቢው ብሩሹን እንደያዘ፣ ኢንጂነሯ ወረቀቷን እንዳቀፈች።

ጉሙ ሲመጣ ጎንበስ አለ። «እንኳን ደህና መጡ ጌታዬ» አለው። «ክፍል ይዘዋል?»

አዳራሹ ገና ወንበር የለውም። ስለዚህ ወለሉ ላይ ተቀመጠ፤ ጉሙ ማለቴ ነው።

በኋላ ደረጃው ላይ አስቀምጬ ደብዳቤዎን አነበብኩለት፤ አንድ ቃል አልዘለልኩም። እስከ መጨረሻው ሰማኝ። ሳንቃውን በመዳፉ እየደባበሰ ነበር። እንዲህ አለኝ፤ እንዳሉት ሳላስቀር ነው የምጽፈው፦

«እኔ ነኝ እኮ የሰጠኋት። ለማን እንደሰጠ ሰው ይጠፋዋል? እጇን ጨብጣ ነበር፤ ጣቶቿ ደማቸው ሸሽቶ። አሥራ ሰባት ዓመቷ ነበር። እሷ ጋ ነው ብል ኖሮ፣ ሁለታችንም በሸሚዝ መውረዳችን ነበር።»

ታዲያ ለምን ነው በየቀኑ «ቁልፉስ?» የምትለው ብዬ ጠየቅኩት። እንደ ሞኝ አየኝ።

«ጠዋት ነዋ» አለ። «ደወሉ ሊደወል ነው። ሰፍታ ጨርሳ እንደሆነ ነዋ የምጠይቃት!»

አክስቴ፣ ያ ጠዋት እሱ ዘንድ አላለቀም። ሲፈልግ የኖረው አንድ ነገር ጠፍቶበት አልነበረም። እርስዎን ክር ሲመርጡ እየጠበቀ ነው።

ከሰዓት በኋላ ወደ ቤት ስንመለስ ትሑቱ ሰውዬ ተመልሶ ነበር፤ ለቶሎቶሎም እግዜር ይስጥልኝ አለው። ኮቱን ግን አላወልቅም አለ። ኢንጂነሯ ይቆይ ብላለች፤ መስታወቱ ገና አልተቆረጠም። ወንበሩን ደጅ ሳወጣለት ያዘኝና በገዛ እጁ አዞረው፤ አሁን ፊቱ ወደ ተራራው ነው።

ይህን ስጽፍ ዛሬ ጠዋት አጠገቤ ተቀምጦ ለማን ነው የምትጽፈው አለኝ። ነገርኩት። አራተኛዋን ቁልፍ በሁለት ጣቱ ይዞ ወዲያና ወዲህ እያወዛወዘ፣ የእኔን ስፌት በጣም በንቀት እያየ፣ ይህን ጨምርበት አለኝ፦

«ለመርፌዬ ጻፍላት። ቁልፉ ደርሷል። ግን አናጢ ነው የሰፋው፤ ይላላል። መጥተሽ አጥብቂልኝ።»

የወንድምዎ ልጅ